የሊማሊሞ መንገድ መዞሪያዎችና ማረፊያዎች

የሊማሊሞ መንገድ ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወደ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይና ሽሬ እንዳሥላሴ በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኝ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በአማራ ክልል በሰሜን ጎንደር ዞን ውስጥ፣ ከደባርቅ ከተማ በስተሰሜን ይገኛል። መንገዱ ከደጋው አምባ ጫፍ ጀምሮ በተደራረቡ ኩርባዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ቆላው ይወርዳል።

በዚህ ጽሑፍ «ኩርባ» የሚባለው መንገዱ ራሱ የሚጠመዘዝበት ቦታ ነው። «መዞሪያ» የሚባለው ደግሞ መኪና ፊቱን መልሶ ወደ መጣበት ለመሄድ የሚችልበት ሰፊ ስፍራ ነው። ሊማሊሞ በኩርባ የበለጸገ፣ በመዞሪያ ግን የደኸየ መንገድ ነው። ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለቱን ከጀመረ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ለመመለስ የሚያስችለው ቦታ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ለመንገዱ ደኅንነት ወሳኝ የሆነው ነገር ከቁልቁለቱ በፊት ባሉት ከተሞች፣ በተለይም በዳባትና በደባርቅ፣ የሚደረገው ፍተሻና ዝግጅት ነው።

አቀማመጥ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከጎንደር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወጣ የወገራን ደጋ ይይዛል፤ ዳባት ላይ ከፍታው 2,600 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። እስከዚህ ድረስ መንገዱ በአብዛኛው በገብስ፣ በስንዴና በባቄላ እርሻዎች መካከል የሚያልፍ የአምባ ላይ መንገድ ነው።

ከደባርቅ አልፎ ግን አምባው በድንገት ያልቃል። የሰሜን ተራሮች ሰሜናዊ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል ነው። ገደሉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከፈሰሰ እሳተ ገሞራ በተሠሩ የጥቁር ድንጋይ ንብርብሮች የተገነባ ሲሆን፣ ውኃ ለረጅም ዘመን ሸርሽሮት የዛሬውን መልክ ይዟል። ከገደሉ በታች ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ሊማሊሞ ይህንን ጠርዝ ለመውረድ ከጥንት ጀምሮ ከተመረጡት ጥቂት መተላለፊያዎች አንዱ ነው። ከግርጌው ድብ ባሕር፣ ቀጥሎ ዛሪማ፣ ከዚያም አዲ አርቃይ ይገኛሉ። መንገዱ ከአዲ አርቃይ በኋላ በማይ ጸብሪ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ እንዳሥላሴ ይወጣል።

ታሪክ

የሲራራ ዘመን

መኪና ከመምጣቱ በፊት ሊማሊሞ ጎንደርን ከዓድዋና ከምጽዋ ወደብ ጋር የሚያገናኘው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ አካል ነበር። በቅሎና አህያ ጭነው የሚሄዱ ነጋዴዎች አቀበቱን የሚወጡት በእግር ነበር። በመንገዱም ላይ ቀረጥ የሚከፈልባቸው ኬላዎች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በእ.ኤ.አ. የካቲት 1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲሄድ በዚሁ አቀበት አልፏል፤ በጉዞ መጽሐፉም ቦታውን «ላማልሞን» በሚል አጻጻፍ ጠቅሶታል።

የሲራራ ጉዞ የራሱ የማረፊያ ሥርዓት ነበረው። ከብቶቹ ውኃ የሚጠጡበት፣ ሣር የሚግጡበትና ጭነት የሚወርድበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የዛሬዎቹ የመንገድ ዳር ከተሞችም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ በሣር ፋንታ ናፍጣ፣ በጫኝ ፋንታ ጎሚስታና መካኒክ መተካታቸው ነው።

የጣሊያን መንገድና የወልከፊት ውጊያ

ፋሺስት ጣሊያን ጎንደርን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ከተማዋን ከአሥመራ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ በሊማሊሞ በኩል አሠራ። ገደሉን እየፈለጡ፣ የድንጋይ ግንብ እየደገፉና መንገዱን ወዲያና ወዲህ እያጠፉ ማውረዱ በአገሪቱ ከተሠሩት ከባድ የመንገድ ሥራዎች አንዱ ነበር።

በቁልቁለቱ አናት ላይ ያለው የወልከፊት በር (ጣሊያኖች ኡልኬፊት ይሉት የነበረው) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ትልቅ ወታደራዊ ዋጋ ነበረው። አዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላም በጎንደር ዙሪያ የቀረው የጣሊያን ጦር በጄኔራል ጉሊየልሞ ናዚ አዛዥነት ሲዋጋ ቆይቷል። ወልከፊትን የያዘው ጦር ከሰሜን ወደ ጎንደር የሚመጣውን መንገድ ለወራት ዘግቶ ነበር። በኢትዮጵያ አርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ከተከበበ በኋላ፣ በኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ የሚመራው 3,000 ያህል ሰው ያለው ይህ ጦር መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። የአንድ ተራራ ጠርዝ ይህን ያህል ጊዜ አንድን ጦር ሊያስቆም የቻለው፣ ዛሬ የጭነት መኪና ሾፌርን በሚያስጨንቀው በዚያው ምክንያት ነው፤ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ ጎን ለጎን ማለፊያም የለውም።

የቅርብ ጊዜ

ከደባርቅ በታች ያለው ክፍል ለረጅም ጊዜ ጠጠር መንገድ ሆኖ ቆይቷል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ወቅት አካባቢው የውጊያ ቀጣና ሆኗል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሽሬን ከማይ ጸብሪ የሚያገናኘው የተከዜ ድልድይ በመፍረሱ የዚህ መስመር ቀጥተኛ ጉዞ ተቋርጦ ነበር። በዚያው ጊዜ ዳባትና ደባርቅ ከቆላው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን አስጠግተዋል። በዳባት ወረዳ ደግሞ ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሓሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች የሚኖሩበት የዓለምዋጭ መጠለያ ተቋቁሟል።

የኩርባዎቹ አሠራር

አንድ መኪና የሚወጣው ወይም የሚወርደው የመንገድ ቁልቁለት በመቶኛ ይለካል። ሰባት በመቶ ቁልቁለት ማለት በየ100 ሜትሩ ጉዞ 7 ሜትር መውረድ ማለት ነው። 1,000 ሜትር ከፍታ ያለውን ገደል በሰባት በመቶ ቁልቁለት ለመውረድ 14 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ያስፈልጋል። በገደሉ ፊት ላይ ግን ያን ያህል ቀጥ ያለ ርዝመት አይገኝም። መፍትሔው መንገዱን እንደ ታጠፈ መቀነት ወዲያና ወዲህ እየመለሱ ማውረድ ነው። በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ የሚገኘው ሹል ኩርባ መኪናውን ወደ መጣበት አቅጣጫ ፊቱን ያዞረዋል፤ ነገር ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ነው።

በሹል ኩርባ ላይ የመኪና የኋላ ጎማዎች የፊቶቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ቆርጠው ይሄዳሉ። የመኪናው ርዝመት በጨመረ ቁጥር ይህ ቆረጣ ይጨምራል። በመሆኑም፦

• አነስተኛ መኪናና ሚኒባስ ኩርባውን በራሳቸው ረድፍ ይጨርሱታል።
• አውቶቡስና እንደ አይሱዙ ኤፍ.ኤስ.አር ያለ የጭነት መኪና ኩርባውን ለመጨረስ ሰፋ አድርገው መግባት ይኖርባቸዋል።
• ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና አንዳንዱን ኩርባ ሲዞር የመንገዱን ሙሉ ስፋት ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛው ሁኔታ አደገኛ የሚሆነው ከታች ሌላ መኪና እየወጣ ከሆነ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል፤ በገደል ጠርዝ ላይ ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ነው። ስለዚህ ከኩርባው በፊት ክላክስ ማሰማት፣ በሌሊት ደግሞ መብራት ማብራትና ማጥፋት የመንገዱ ቋንቋ ሆነዋል። ሁለት መኪኖች በጠባብ ቦታ ሲገናኙ የሚወርደው ቆሞ ለሚወጣው ቅድሚያ ይሰጣል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንደገና ለመነሣት ስለሚቸገርና ወደ ኋላ ሊንሸራተት ስለሚችል ነው።

የመዞሪያና የመቆሚያ ቦታዎች ዓይነት

በመንገዱ ላይ የሚገኙት ሰፋ ያሉ ቦታዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አንዱን ከሌላው አለመለየት ችግር ያመጣል።

1. መተላለፊያ፦ መንገዱ በጥቂት ሜትር ሰፋ የሚልበትና አንድ መኪና ጠጋ ብሎ ሌላውን የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። ለመቆየት አይሆንም። እዚያ የቆመ መኪና የሌሎችን መተላለፊያ ይዘጋል።

2. መቆሚያ፦ አንድ ወይም ሁለት መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ፍሬን ለማቀዝቀዝ፣ ጭነት ለማጥበቅ ወይም ጎማ ለመቀየር የሚችልበት ነው። ብዙዎቹ በኩርባዎቹ ውጫዊ ጎን ያሉ ሲሆን፣ ተጓዦች ገደሉን ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሣትም ይቆሙባቸዋል። ውጫዊው ጠርዝ ከክረምት በኋላ ከሥር ተቦርቡሮ ሊሆን ስለሚችል ከባድ መኪና ወደ ጫፉ አይጠጋም።

3. ሙሉ መዞሪያ፦ ከባድ መኪና ፊቱን ሊመልስ የሚችልበት ቦታ ነው። ይህ የሚገኘው በተግባር በከተሞቹ ነው። ከላይ ደባርቅ፣ ከታች ድብ ባሕርና ዛሪማ ናቸው። በመካከል ያለው ክፍል ለረጅም መኪና አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳለው ይቆጠራል።

ትንሽ መኪና በኩርባ ላይ ወይም በመቆሚያ ላይ ሊዞር ይችላል። ይሁን እንጂ ከኩርባ በስተጀርባ የሚመጣው መኪና የሚዞረውን የሚያየው ደርሶበት ስለሆነ፣ ረዳቱ ወርዶ ከላይም ከታችም የሚመጣውን ካላስቆመ በቀር አደገኛ ነው።

ማረፊያ ከተሞች

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚደረግ ጉዞ ማረፊያዎቹ እንደሚከተለው ይደረደራሉ።

ኮሶዬ

ከጎንደር ወጣ ብሎ በደጋው ጠርዝ ላይ የሚገኝ ቦታ ነው። ወደ ቆላው የሚያሳይ ሰፊ እይታ ስላለው ጎብኚዎች ይቆሙበታል። ከሊማሊሞ በፊት መልክዓ ምድሩ እንዴት እንደሚሰበር የሚታየው በመጀመሪያ እዚህ ነው።

አምባ ጊዮርጊስና ገደብዬ

አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ገደብዬ ከእርሷ ቀጥሎ በዳባት አቅጣጫ ይገኛል። ሁለቱም በመንገድ ዳር የተዘረጉ የገበያ ከተሞች ሲሆኑ፣ በገበያ ቀን መንገዱ በሰውና በከብት ስለሚሞላ ፍጥነት መቀነስ ግድ ይላል።

ዳባት

ዳባት የዳባት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር የሚመጣ መኪና ዳባት ሲደርስ ከአምባው መንገድ ሦስት አራተኛውን ጨርሷል። ከተማዋ ምግብ ቤቶች፣ ማደሪያዎች፣ መነኻሪያና አነስተኛ የጥገና ቤቶች አሏት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝብ ጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ሲያካሂድ በመቆየቱ፣ የዳባት ስም በጤና ምርምር ዘርፍም ይታወቃል።

ለሾፌር የዳባት ጥቅም ከደባርቅ በፊት ያለች የመጀመሪያ የማሰቢያ ጣቢያ መሆኗ ነው። ወደ ጎንደር መመለስ ካስፈለገ መንገዱ ሰፊና ሜዳማ ነው፤ መኪናውንም ለማዞር አያስቸግርም። ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ላይ የፍሬኑን ጠባይ መመርመርና ያልተለመደ ድምፅ ወይም ሽታ ካለ ደባርቅ ላይ ማስጠገን ይቻላል። ጉድለቱ የታወቀው ከደባርቅ በኋላ ከሆነ ግን ይህ ዕድል አምልጧል ማለት ነው።

ደባርቅ

ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት። ሆቴሎች፣ ነዳጅ ማደያ፣ ባንኮች፣ መነኻሪያ፣ ጎሚስታና ጋራዦች፣ እንዲሁም ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ይገኙባታል። ከቁልቁለቱ በፊት ያለች የመጨረሻ ትልቅ ከተማ ስለሆነች፣ አመሻሽ ላይ የደረሱ ከባድ መኪኖች አድረው በማለዳ መውረድን ይመርጣሉ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይጥላል፤ በመኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ በገደሉ አፋፍ ላይ የሚገኘው የሊማሊሞ ሎጅ እይታውን ፈልገው ለሚመጡ ጎብኚዎች የተሠራ ማረፊያ ነው።

ድብ ባሕር

በቁልቁለቱ ግርጌ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የወረደ መኪና ፍሬኑን የሚያቀዘቅዝባት፣ የሚወጣ መኪና ደግሞ የራዲያተር ውኃውን የሚያይባትና የሚሞላባት ቦታ ናት። ሻይ ቤትና ቀላል ምግብ ይገኛል፤ ከባድ ጥገና ግን ወደ ደባርቅ መሄድን ይጠይቃል።

ዛሪማና አዲ አርቃይ

ከድብ ባሕር ቀጥሎ አየሩ ይሞቃል። ዛሪማ በዚሁ ስም በሚጠራው ወንዝ አካባቢ የምትገኝ ስትሆን፣ አዲ አርቃይ የአዲ አርቃይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ስለሆነ፣ እዚህ የሚያድር የደጋ ሰው አጎበር መጠቀም ይኖርበታል።

ወደ ፓርኩ የሚወስደው ቅርንጫፍ

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይወስዳል። ፓርኩ በእ.ኤ.አ. 1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእ.ኤ.አ. 1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በእ.ኤ.አ. 2017 ከዝርዝሩ ወጥቷል። ከዝርዝሩ ለመውጣቱ ከተጠቀሱት ሥራዎች አንዱ፣ በፓርኩ ውስጥ ለሚያልፈው ዋና መንገድ ምትክ የሚሆን አማራጭ መንገድ መሥራቱ ነው። መኪና የሚያልፍበት ቦታ ለዋልያና ለጭላዳ ኑሮም ጉዳይ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ የሚፈጽመውና ስካውትና አስጎብኚ የሚይዘው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። በመኪና የሚደረስባቸው ሁለቱ ዋና የካምፕ ቦታዎች ሳንቃበርና ጨነቅ ናቸው። ሳንቃበር 3,200 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ግጭ የሚደረሰው በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ከደባርቅ በኋላ በፓርኩ ውስጥ የነዳጅ ማደያ ስለሌለ፣ የደርሶ መልሱ ነዳጅ ደባርቅ ላይ ይሞላል።

ቁልቁለቱን የመውረድ ስሌት

ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 294 ሚሊዮን ጁል የሚያህል ኃይል ይለቃል። ይህ ኃይል 1,000 ሊትር፣ ማለትም አምስት ትልልቅ በርሜል ውኃ፣ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። በደባርቅ ከፍታ ላይ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየርና የጎማ ተቃውሞ ከሚወስዱት በቀር፣ ይህን ሁሉ ሙቀት ሞተሩ ወይም ፍሬኑ መሸከም አለበት።

ሾፌሩ በእግር ፍሬን ብቻ ከተማመነ ሙቀቱ በሙሉ ወደ ፍሬን ሸራውና ወደ ታምቡሩ ይገባል። ሸራው ከልክ በላይ ሲሞቅ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ምልክቶቹ የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ ከጎማ የሚወጣ ጭስና ከወትሮው በላይ መርገጥ መፈለጉ ናቸው።

ፍጥነትም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ይኸው መኪና በሰባት በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲወርድ በየሴኮንዱ የሚወገደው ኃይል 114 ኪሎ ዋት ያህል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 229 ኪሎ ዋት ያድጋል። ጠቅላላው ሙቀት በሁለቱም አንድ ነው፤ ነገር ግን በዝግታ የሚወርደው መኪና ሙቀቱን ወደ አየር ለመበተን እጥፍ ጊዜ ያገኛል።

ከዚህ የሚከተሉት ልማዶች ይመነጫሉ፦

• ዝቅተኛውን ማርሽ ከቁልቁለቱ በፊት ማስገባት። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ ሲሞከር ማርሹ አልገባ ብሎ መኪናው ዜሮ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ የሞተሩ እገዛ ጨርሶ ይጠፋል።
• ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ ዜሮ አድርጎ አለመውረድ። የሚቆጠበው ናፍጣ ጥቂት ነው፤ የሚጠፋው ግን የአየር ፍሬን ግፊትና የመሪ እገዛ ሊሆን ይችላል።
• የእግር ፍሬንን ያለማቋረጥ ከመርገጥ ይልቅ፣ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱ ሲቀንስ መልቀቅ።
• በየመቆሚያው ወርዶ የጎማዎቹን ሙቀት በእጅ ጠጋ ብሎ ማየት፤ በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አለመድፋት፤ ታምቡሩ ሊሰነጠቅ ይችላልና።
• ሲቆሙ ታኮ ማድረግ። የእጅ ፍሬን ብቻውን በዚህ ቁልቁለት ላይ አይታመንም።

ለሚወጣ መኪና ደግሞ ችግሩ የአየር ማነስ ነው። በደባርቅ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ይልቅ ከሩብ በላይ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሁሉም ሞተር ደግሞ ራዲያተሩ ውኃ ቶሎ ያፈላበታል።

ወቅትና አየር

ዋናው የዝናብ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ወደ ጉም ይለወጣል፤ ኩርባዎቹም ለሰዓታት ሊሸፈኑ ይችላሉ። በጉም ውስጥ ከፍ ያለ መብራት ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ስለሚጥል፣ ዝቅ ያለው መብራት የተሻለ ያሳያል። ዝናቡ ድንጋይና አፈር ከላይ እያወረደ መንገዱን የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ከዝናብ በኋላ ከገደሉ ሥር መኪና ማቆም አይመከርም።

በበጋ ወራት አየሩ ጥርት ያለ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ግን የሚነሣው አቧራ እንደ ጉም ያህል ዓይን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ከፊት ካለው መኪና ርቆ መከተል ያስፈልጋል። በማለዳና በማታ የጭላዳ መንጋዎች ወደ ገደሉና ከገደሉ ሲሻገሩ መንገዱ ላይ ይገኛሉ።

ብልሽትና አደጋ ሲያጋጥም

በኩርባዎቹ መካከል የቆመ መኪና ከላይም ከታችም የሚመጣውን ያሰጋል። ረዳቱ ከአንድ ኩርባ በላይ ወጥቶ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከአንድ ኩርባ በታች ወርዶ ምልክት መስጠት አለባቸው፤ መኪናው አጠገብ የሚቀመጥ ምልክት ከኩርባው በስተጀርባ አይታይም። በአገሪቱ መንገዶች የተለመደው ቅጠል ወይም ድንጋይ የመደርደር ምልክት እዚህም ያገለግላል፤ መኪናው ሲነሣ ግን ድንጋዩን ማንሣት ግዴታ ነው። የተረሳ ድንጋይ በሌሊት ሌላ አደጋ ያስከትላል።

የተጎዳ ሰው ካለ በቅርብ የሚገኘው ሆስፒታል የደባርቁ ነው። ከባድ ጉዳት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል፤ ይህም ከደባርቅ በዳባት በኩል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በገደሉ እጥፋቶች ውስጥ የስልክ ሞገድ ሊቆራረጥ ስለሚችል፣ መልእክቱን ወደ አፋፉ ለሚወጣ መኪና መስጠት ፈጣኑ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ተመሳሳይ መንገዶች

በኢትዮጵያ ከሊማሊሞ ጋር የሚነጻጸሩት በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድና በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የጣርማ በር መንገድ ናቸው። በዓባይ በረሃ መንገዱ ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ጣርማ በር ላይ የተፈለፈለ ዋሻ የቁልቁለቱን ራስ ያሳጥራል። ሊማሊሞ ግን እንዲህ ያለ ማሳጠሪያ ሳይኖረው በኩርባ ብቻ ይወርዳል።

ከአገር ውጭ በጣሊያን የሚገኘው የስቴልቪዮ መተላለፊያ ይጠቀሳል። 2,757 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ መንገድ በአንዱ ጎኑ ብቻ 48 ሹል ኩርባዎች አሉት። በብዙ አገሮች በረጃጅም ቁልቁለቶች ላይ ፍሬን ያጣ መኪና የሚገባበት፣ በጠጠር ወይም በአሸዋ የተሞላ ወደ ላይ የሚወጣ የማምለጫ መንገድ ይሠራል። እንዲህ ያለው መንገድ የሚሠራው የመሬቱ ስፋት ሲፈቅድ ነው። በጠባብ የገደል ፊት ላይ በሚወርድ መንገድ ግን ዋናው የማምለጫ ቦታ ከቁልቁለቱ በፊት ያለው ከተማ ነው፤ ለሊማሊሞ ይህ ቦታ ደባርቅ ነው፤ ከእርሱ በፊት ደግሞ ዳባት።